ሞተሩ የቆመበት ቦታ

በ1973 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። ከቢቸና ተነስቼ ምጽዋ የገባሁት ወደብ ላይ ጭነት ልሸከም እንጂ ባሕር ሥር ልገባ አልነበረም። ባሕር የሚባለውንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ዋና ግን እችላለሁ፤ ዓባይ በረሃ የሚያርሱ አጎቶች ነበሩኝና እነሱ ዘንድ እየወረድሁ ነው የተማርሁት።

ይህን የምጽፈው ልጄ መሠረት «ይጻፉት፣ ግድ የለም» ስላለችኝ ነው። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያ ብዙም አላለፍሁም። የሚያምር ነገር የሚፈልግ ሌላ ዘንድ ይሂድ። እኔ የሆነውን ብቻ ነው የምናገር።

ወደብ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንዲት ጀልባ ገመድ ተጠምጥሞባት ቆመች። ከሥሯ የሚዞረው ብረት ገመዱን ጎርሶት አልለቅ አለ። ሹሙ ወደ እኛ ወደ ተሸካሚዎቹ መጥቶ «ዋና የሚችል አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። ከአጠገቡ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ቢላዋ ታጥቋል።

«ከየት ነህ?» አለኝ ቀጭኑ ሰው።

«ከቢቸና።»

«ቢቸና ውስጥ ምን ውኃ አለና ነው ዋና የምትችለው?»

አነጋገሩ የአገሬ ሆነብኝ። «እርስዎስ ከየት ነዎት?» አልሁት።

«ከሞጣ።»

«ሞጣስ ምን ባሕር አለና?»

ሳቀ። ይህ ሰው ኑሩ ነው። ቤተሰቦቹ ሞጣ ገበያ ላይ ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ የሚነግዱ ናቸው፤ እሱ ብቻ ንግዱ አልሆንለት ብሎ ወጥቶ ጠላቂ ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ገመዱን አብረን ወርደን ቆርጠን አወጣነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ኑሩ እያልሁ ከሥሩ ሠራሁ። ደመወዙ ከተሸካሚነቱ ትንሽ ይሻላል፣ ይኸው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጀልባዋ ላይ አንድ የነዳጅ ሞተር አለ፤ አየር እየሳበ በረጅም ላስቲክ ቱቦ ወደ ታች ይልካል። ጠላቂው የቱቦውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰው ሞተሩን ይጠብቃል፣ በጠላቂው ወገብ የታሰረውን ገመድ ይይዛል። ገመዱ አንዴ ከተጎተተ «ደኅና ነኝ» ነው። ሁለቴ «ቱቦ ጨምር» ነው። ደጋግሞ ከተጎተተ «አውጣኝ» ነው። ዝም ካለ ግን ምንም ሳትጠይቅ መጎተት ነው።

ጋሽ ኑሩ ከመውረዱ በፊት ሦስት ነገር ሳያደርግ አይወርድም። መጀመሪያ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያነሳና ንፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ያያል። ቀጥሎ ሞተሩ የቆመበትን ይመለከታል፤ ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ ንፋሱ ወደሚሄድበት፣ አየር የሚስብበት አፍ ንፋሱ ወደሚመጣበት መሆን አለበት። መጨረሻ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ አሥር ጊዜ ይተነፍሳል። የእኔ ተራ ሲሆንም ቱቦውን የሚሰጠኝ እሱ አሥር ጊዜ ቀምሶት ነው። ሌሎቹ ይስቁበታል። «ጋሽ ኑሩ ሽቶ ሊገዛ ነው» ይላሉ። እሱ አንገቱን እንኳ አያዞርም።

ሌላም ጠባይ ነበረው። አዲስ ጀልባ ላይ ማደር ከመጣ ከታች ያለው መኝታ ውስጥ ያስገባንና «እሳት ቢነሳ እጅህ መንገዱን እንዲያውቅ ዓይንህን ጨፍነህ ውጣ» ይላል። ግድግዳውን እየዳሰስን፣ ጭንቅላታችንን ከብረት እያጋጨን እንወጣለን። መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ እሱ እዚያ አይተኛም፤ ምንጣፉን ይዞ ጣራው ላይ ይወጣል።

አሁን ያን ቀን ልናገር።

ሦስተኛው ዓመታችን ነው። ጋሽ ኑሩ አየሩን ቀምሶ ወረደ፤ ሞተሩ በቦታው ነው። እኔ ከላይ ነኝ። ቀኑ የሚያቃጥል ነበርና ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ድንገት ንፋስ ተነሳ። እኛ ደገኞች ደግሞ ላብ ላይ ንፋስ ምን እንደሆነ ከእናታችን ጡት ጋር ነው የተማርነው። ጎኔን ይመታኛል፣ ነገ ቀና ማለት ያቅተኛል ብዬ ፈራሁ። ሞተሩን ትቼ መራቅ አልችልም። ስለዚህ ሞተሩን እየጎተትሁ ከመኝታው ግድግዳ ሥር፣ ሸራ ከተወጠረበት ጥግ አስገባሁትና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ንፋሱ ቀረልኝ። ደስ አለኝ እንኳ።

ጭሱም እዚያው ሸራው ውስጥ ቀረ። ሞተሩ የሚስበው አየርም ከዚያው ነው።

ራሴን ሲያዞረኝ ሙቀቱ ነው አልሁ። ገመዱን ጎተት አደረግሁ፤ መልስ የለም። እንደገና ጎተትሁ። ዝም። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደጎተትሁት አላውቅም፤ እጄ ተልጦ ነበር። ጋሽ ኑሩ እንደ ረጠበ ጆንያ ወጣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ደረቱን ገፋሁት፣ በጎኑ አስተኛሁት፤ ከብዙ በኋላ አስመለሰውና ተነፈሰ።

ሰው እየጮኸ ወደ እኛ ሲሮጥ እኔ አንድ ነገር አደረግሁ። ሞተሩን ጎትቼ ወደ ቦታው መለስሁት።

ሹሙ መጣ። «ሞተሩ የት ነበር?» አለ።

«እዚሁ ነበር» አልሁ።

ሞተሩን ፈትተው አዩት፤ ምንም አልተገኘበትም። ጋሽ ኑሩ ሦስት ቀን ተኝቶ ተነሳ። ራስ ምታቱ ግን አብሮት ቀረ። ዳግመኛም ባሕር ውስጥ አልገባም። ቢላዋውን ለኔ ሰጥቶኝ ሞጣ ገባና የአባቱን ሱቅ ከፈተ። ለምን እንደተወው አልጠየቅሁትም። ፈርቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ እንዲያ ማለቱ ይቀለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔም አገሬ ገባሁ። ቢቸና ባሕር የላትም፤ ግን የውኃ ጉድጓድ ነበራት። ጉድጓድ በበጋ ይደርቃል፣ ደለል ይሞላዋል፣ ባልዲ ይወድቅበታል። እኔ ታች መውረድ የማልፈራ ሰው ነኝ። ከጎማ ቤት አንድ አሮጌ የአየር ሞተር ገዛሁና ቱቦ ቀጠልሁበት፤ ጉድጓድ ጠራጊ ሆንሁ። ቢቸና ላይ ጀመርሁ፤ ኋላ የወረዳው ውኃ ሥራ ቀጠረኝ። በዓመት ሁለቴ ወደ ሞጣ እላካለሁ፤ እዚያ ስሄድ ጋሽ ኑሩ ቤት ነው የማድረው። ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ሳየው «አሞዎት ነው?» እላለሁ። «ያችው ናት» ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ። እንዲህ እያልን አርባ ዓመት አለፈ።

ሥራዬ ላይ ግን ግትር ነበርሁ። ሞተሩን ከጉድጓዱ አፍ ሠላሳ እርምጃ ሳላርቅ ማንንም አላወርድም፣ ራሴም አልወርድም። አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ቱቦ እንዳይበዛ «አቶ ታከለ፣ ሞተሩን አስጠጋው» ይለኛል። «አላስጠጋም» እለዋለሁ። አንድ ቀን ሰው ፊት ደገመው፤ እኔም ሰው ፊት ደገምሁት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ደብዳቤው እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ጡረታ ስወጣ አብሮኝ ወጣ። በእኔ ገመድ ላይ የሞተ ሰው ግን የለም። ሰው ጎበዝ ይለኝ ነበር። ጎበዝነት አልነበረም፤ እኔ የማውቀውን ስለማያውቁ ነው።

አምና ለመስቀል ልጄ መጣች። መሠረት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዳር የዓሣ ጥናት ላይ ትሠራለች። ለትምህርት ውጭ ተልካ መጥለቅ ተምራ ተመልሳለች። ከእኔ ነው የወረሰችው እያሉ ሰዎች ሲያደንቁ ወሬ እለውጣለሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ያማክሩኝ» አለችና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «በጥር ከሦስት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ጅቡቲ እንሄዳለን። ጀልባዋ ላይ ሰባት ቀን ነው፤ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይበላል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠለቃል።»

ሦስት ጀልባ አሳየችኝ። አንደኛዋ ነጭ፣ የምታብረቀርቅ፤ ለሁለት ሰው አንድ ክፍል። «ይቺ የሀብታም ናት፣ ለማየት ያህል ነው» ብላ አለፈቻት። ሁለተኛዋ ከሁሉ ርካሽ፤ ከታች አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ ይተኛል። ሦስተኛዋ አሮጌ የእንጨት ጀልባ፤ አራት አራት ሆነው ነው የሚተኙባት። ሙቅ ውኃ የላት፣ ምግቧ ጠዋት ማታ ሩዝና ዓሣ፤ ዋጋዋ መካከለኛ።

«ሁለተኛዋን መርጠናል። ከማላውቀው ሰው ጋር መተኛት አይገደኝም፤ ዶርም ኖሬ የለ!»

ቪዲዮውን እንደገና አሳይኝ አልኋት። አንድ ሰው ጀልባዋን እየዞረ ያሳያል፤ አልጋውን፣ ወጥ ቤቱን። በመጨረሻ ጥግ ላይ አንድ ሸራ አለፈ። ከሸራው ሥር ጠላቂዎቹ በጀርባቸው የሚያዝሉትን የአየር ጠርሙስ የሚሞላ ሞተር ቆሟል። ከሞተሩ ጀርባ የመኝታው መስኮት።

እኔ ያቆምሁበት ቦታ ነው። ቁርጥ እሱ።

«ይቺ አትሆንም» አልሁ።

«ለምን?»

«አትሆንም አልሁ፣ አትሆንም።»

«ምክንያቱን ይንገሩኛ፣ አባዬ።»

«ምክንያት የለውም።»

ስልኳን አጠፋችው። «ልቆጣዎት አይደለም። ግን ምክር ነው የጠየቅሁ፣ ፈቃድ አይደለም። ጓደኞቼን አባቴ እምቢ አለ ልበላቸው? ሠላሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው። በሚመጣው ሳምንት ቀብድ እንከፍላለን።» ከዚያ ብድግ እያለች «እርስዎ ካልነገሩኝ አባባ ኑሩን እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይነግሩኛል» አለች።

አባባ ኑሩ የሚነግራት ነገር የለም። የሆነውን አያውቅምና። እኔ ደግሞ ለእሷ ብናገር ነገ ለእሱ መድረሱ አይቀርም። ለሱ ያልተነገረ ነገር ቀድሞ ለልጄ ሊነገር ደግሞ አይገባም። በነጋታው በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ።

ጋሽ ኑሩ ከዙህር ሶላት ተመልሶ ሱቁን እየከፈተ ነበር። ሻይ አዘዘልኝ። ብርጭቆውን ሳልነካው ተናገርሁ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ሞተሩን ያንቀሳቀስሁት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ሞተር?»

«የምጽዋውን።»

ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር አስቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ «ከየት ወዴት?» አለኝ። ልክ ሥራ ላይ እንዳለን።

ባንኮኒው ላይ አሳየሁት። የሻይ ብርጭቆዬ ሞተሩ፣ ሜትሩ የመኝታው ግድግዳ፣ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ሸራው። ብርጭቆውን ከቦታው ወደ አቡጀዲው ሥር ገፋሁት።

«ማርሚታው ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ ሸራው።»

«መሳቢያውስ?»

«እዚያው ሸራው ውስጥ።»

ብርጭቆውን ራሱ አንስቶ ወደ መጀመሪያው ቦታ መለሰው። «እኔ አየሩን ስቀምሰው እዚህ ነበር?»

«እዚያ ነበር።»

«ንጹሕ ነበር ማለት ነው።»

«ንጹሕ ነበር።»

«አፍንጫዬ አልዋሸኝም ማለት ነው» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሞተሩ በቦታው ነበር ባልሁ ጊዜ፣ ከሞተሩም እንከን በጠፋ ጊዜ፣ ለእሱ የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሥር ጊዜ ቀምሶ መርዙን ያልለየ አፍንጫ። ባሕሩን የተወው ፈርቶ አልነበረም፤ ራሱን ማመን አቅቶት ነው።

ከዚያ ተቆጣ። ባንኮኒውን ሲመታው ብርጭቆው ተገለበጠ፣ አቡጀዲው በሻይ ራሰ። «አንተ ሰውዬ! አርባ ዓመት ሙሉ! ሚስቴ ወጡ አረረ ስትለኝ እንኳ እውነቷን ይሆን እያልሁ እጠራጠር ነበር! የቤቴን ወጥ ሳልለይ አርጅቻለሁ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዝም በል። ለምንድን ነው የጎተትኸው? ማን አዘዘህ?»

«ንፋስ ፈርቼ። አልቦኝ ነበር።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ንፋስ! ምጽዋ ላይ፣ ሰው በንፋስ ጥም በሚሞትበት አገር፣ ንፋስ ፈርቶ!» አለና ሳቁ አመለጠው። እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ፤ ሳቅ ብቻም አልነበረም። እኔ «ጋሽ ኑሩ…» ስል እጁን አነሳ። «ይቅርታህ ይቆይ፣ እደርስበታለሁ። ዛሬ ምን አስለፈለፈህ?»

የመሠረትን ነገር ነገርሁት። ወዲያው ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ደውልላት» አለ።

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አድርገን ድምፁን ከፍ አደረግነው። ሁሉንም እኔው ነገርኋት፤ ንፋሱን፣ ሸራውን፣ ለሹሙ የዋሸሁትን ጭምር። እስክጨርስ ሰማችኝ። ቀጥላ «አባባ ኑሩ ይሰማሉ?» አለች።

«አለሁ፣ ልጄ።»

«እሺ። ጀልባዎቹን ምን ልጠይቃቸው?»

ጋሽ ኑሩ እንደ ሹም ሆኖ ያስጽፋት ጀመር። «ጠርሙሱን የሚሞላው ሞተር የት ነው የቆመው? አየሩን ከየት ነው የሚስበው? ጭሱ ወዴት ነው የሚወጣው? የመኝታው መውጫ ስንት ነው? በአፍ አይንገሩሽ፣ በቪዲዮ ያሳዩሽ።»

ከርካሿ ጀልባ ማታውን መልስ መጣ። መሠረት በስልክ ስታነብልን «እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ ምግባችን ግን በጣም ጥሩ ነው» ይላል።

«ምግቡን ማን ጠየቃቸው?» አለ ጋሽ ኑሩ።

የእንጨቷ ጀልባ ሰው ግን በማግስቱ፣ መሠረት እኛንም ባስገባችበት የቪዲዮ ጥሪ፣ ስልኩን ይዞ ዞረ። ሞተሩ ከኋላ ነው። አየር የሚስብበት ቧንቧ ምሰሶው ላይ ታስሮ ከጣራው በላይ ወጥቷል፤ ጭሱ በሌላ ወገን ወደ ባሕሩ ይወጣል። መኝታው በር አለው፣ ከላይኛው አልጋ በላይም የሚከፈት መስኮት አለ።

«ሰው ታስወጣለች ይቺ መስኮት? ጠይቂው» አለ ጋሽ ኑሩ።

መሠረት ጠየቀችው። ሰውየው በጣም ወፍራም ነው፤ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀብሎ አልጋው ላይ ወጣና በመስኮቷ ይሾልክ ጀመር። ሆዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔና ጋሽ ኑሩ ትንፋሻችንን ያዝን። ተፍገመገመ፣ ተገላበጠ፣ ወጣ።

«አለፈ!» አለ ጋሽ ኑሩ እያጨበጨበ። «እሱ ከወጣ የኛዋ ቀጭኗ ዘላ ትወጣለች። ያዣት፣ ይቺን ያዣት!»

ጓደኞቿ የዋጋው ልዩነት ላይ ትንሽ አጉረመረሙ አሉ። የምጽዋውን ታሪክ ስትነግራቸው ግን ዝም ብለው ጨመሩ።

ጥር ሲገባ ሄዱ። ባሕሩ ላይ ስልክ አይሠራም ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ሰባቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁ አልናገርም። ሚስቴ «እባክህ አንድ ቦታ ተቀመጥ፣ ምድሩን ፈጀኸው» ስትለኝ ነው የከረመችው።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ወጣን። ደኅና ነን።»

ያኔ ገና አንድ ቦታ ተቀመጥሁ። እሷው ቀጠለች። የመጀመሪያው ቀን አራቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ከመኝታው በየተራ ወጥተዋል፤ የአንዷ ግንባር አብጧል። መሠረት ከመጥለቋ በፊት የጠርሙሱን አየር አሥር ጊዜ ስትቀምስ ሌሎቹ ይስቁባት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አብረዋቸው የተሳፈሩት ፈረንጆች ሳይቀሩ ይቀምሱ ጀመር።

«አንድ ነገር ልንገርዎት ግን» አለች። «ከእኛ አንዷ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት። መብራት ስናጠፋ ያችን የላይኛዋን መስኮት ልትዘጋት ተነሳች። ምን ብላ ይመስልዎታል?»

«ንፋስ ይመታናል ብላ።»

«ንፋስ ይመታናል ብላ!» መሠረት እየሳቀች ነው። «እጇን ያዝኋት፣ አባዬ። መስኮቷ ሰባቱንም ቀን ክፍት ነበረች።»

ያን ማታ እራት ሁለት ጊዜ በላሁ። እንቅልፍም እንደ ድንጋይ ተጫነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያን የጎማ ቤት ሞተሬን ከጓዳ አወጣሁ፣ ነዳጅ ሞላሁበት፣ ቱቦውን ጠቅልዬ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አስጫንሁ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ጎማ ቤት ሊከፍቱ ነው?» አለኝ። ሞጣ ስደርስ ጋሽ ኑሩ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። መሠረት ቀድማ ደውላለት ሰምቷል። ጣቴን በምራቄ አርሼ አነሳሁ፣ ሞተሩን ከግቢው ዳር ንፋሱ ወደሚሄድበት አቁሜ አስነሳሁት፣ የቱቦውን ጫፍ እጁ ላይ አኖርሁለት።

ዓይኑን ጨፈነ። በጣቱ አንጓ እየቆጠረ አሥር ጊዜ ተነፈሰ።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ሳልናገር ሄጄ ሞተሩን ጎተትሁና ከአጥሩ ጥግ፣ ንፋስ ከማይደርስበት አስጠጋሁት። ጋሽ ኑሩ ዓይኑን አልገለጠም። አንድ አለ። ሁለት ሳይል ቱቦውን ከፊቱ ወረወረው።

«እዚያ ነው ያቆምኸው?»

«እዚያ ነው።»

«መልሰው።»

መለስሁት።